ያልታጠበችው ቁራጭ

"እትዬ ለምን" የሚለውን ስም ያወጡላት የስፌት ቤቷ ደንበኞች ናቸው፤ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣን ሰው "ለምን ሰፋ? ከሳህ እንዴ? ለምን ከሳህ? ደግሞ ጉልበቱ ላይ ብቻ ለምን ሳሳ? ተንበርክከህ የምትሠራው ምንድነው?" ሳትለው መቀስ አታነሳም። ሰውየው ለሱሪው ገብቶ የትዳሩን ጣጣ ሳይቀር አራግፎ ይወጣል። ለወሬ ብላ እንዳይመስላችሁ፤ አንድን ነገር ካላወቀች ውስጧን ይበላታል፣ በቃ እንዲህ ሆና ተፈጠረች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ የመጣው ጉድ በሙሉ የተጀመረው ከዚሁ ከለምኗ ስለሆነ ነው።

ለነገሩ ነፍሷንም ያተረፋት ይኸው ለምኗ ነው። ግራ ተረከዟ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረችባት። ሌላ ሰው ቢሆን ካልሲ አጥልቆ ይረሳታል። እትዬ ለምን ግን ወር በገባ ቁጥር ሜትሯን አውርዳ ትለካታለች፤ ልኬቱንም በጨርቅ ጠመኔ መሳቢያዋ ጀርባ ላይ ትጽፈዋለች። አራት ሚሊሜትር፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ሰባት ስትደርስ ጠርዟ ተዛነፈ፣ ቀለሟም እዚህ ጠቆር እዚያ ቡላ አለ። "አንቺ ደግሞ ለምን ታድጊያለሽ?" ብላ ጠየቀቻትና መልስ ስታጣ ሆስፒታል ሄደች።

ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው አሏት። ደግነቱ ገና ሳይሰራጭ ተደርሶበታል። ቀዶ ሐኪሙ ዙሪያውን አስፍቶ ቆርጦ አወጣው፤ ከብሽሽቷም እጢ ወስደው መረመሩና ንጹህ ነው አሉ። ፋሻው የተፈታ ቀን እግሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ስፌቱን ስትመረምር ቆየችና፣ "እጅህ ይባረክ ዶክተር። እዚህች ጥግ ላይ ግን ክሩን አጥብቀኸዋል፤ ሰብሰብ ብሏል" አለችው። ቀዶ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ዶክተር አስጠራቻት። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጥያቄ የማይሰለቻት ሴት ናት። እትዬ ለምን ገና ስታያት ወደደቻት።

"ያየነው ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል" አለች ዶክተሯ።

"ታዲያ አለቀ በይኛ!"

"አልቆ ይሆናል። ወይም ደግሞ በዓይንም በመሣሪያም የማይታይ ፍርፋሪ ቀርቶ፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይነሳ ይሆናል።"

"የቱ ነው?"

"አናውቅም፣ እትዬ።"

ሐኪም አፉን ሞልቶ አናውቅም ሲል ሰምታ አታውቅም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋች።

ዶክተሯ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻት። ኢሚውኖቴራፒ የሚባል መድኃኒት አለ። ካንሰሩን ራሱ አይገድልም፤ የሰውነትን ዘበኞች ነው የሚቀሰቅሰው። ካንሰር ዘበኛውን የሚያስተኛበት ዘዴ አለው፣ መድኃኒቱ ያንን ዘዴ ያፈርስበታል። በሽታው ለተሰራጨባቸው ሰዎች ሲረዳ ታይቷል። እንደ እሷ ገና በጠዋቱ ተይዞ ለተቆረጠላቸው ግን ይጠቅማል ወይ? እዚህ ሆስፒታል የሚደረገው ሙከራ ይህን ለማወቅ ነው። ጉዳትም አለው፤ የተቀሰቀሰ ዘበኛ አንዳንዴ ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው መደብደብ ይጀምራል። ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባ ያስቆጣል፣ አንጀት ያቆስላል።

"ስለዚህ ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ያገኛል፤ ግማሹ መልኩ የሚመሳሰል የጨው ውሃ። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። እርስዎም እኔም ነርሷም አናውቅም። የሚያውቀው እታች ክፍሉን ቆልፎ የሚያዘጋጀው መድኃኒት ቀማሚ ብቻ ነው።"

"ለምን ለሁሉም አት..." ብላ ጀመረችና እትዬ ለምን ራሷ አፏን ያዘች። "ቆይ፣ ቆይ። ገባኝ። እኔም ጨርቅ የምፈትነው እኮ እንዲሁ ነው! አዲስ ጣቃ ሲመጣልኝ ከአንድ ጫፍ መዳፍ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ቁራጮች እቆርጣለሁ። አንዷን አጥቤ እተኩሳታለሁ። ሌላዋን ምንም ሳላስነካት መሳቢያ ውስጥ እከታታለሁ። ኋላ አንዷን በሌላዋ ላይ አነጥፋለሁ። ደረቋ ባትኖር የታጠበችው መሰብሰቧን በምን አውቃለሁ?"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ነበር የያዝኩት" አለችና ሳቀች።

እትዬ ለምን ፈረመች። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር አልተናገረችም፤ እኔ ልንገራችሁ እንጂ። ስትፈርም በሆዷ የታጠበችውን ቁራጭ መርጣ ነው የፈረመችው። ማን ነው ደረቅ ልሁን ብሎ የሚፈርም?

በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አትክልት ስፍራውን የሚያሳይ ክፍል። ሁለት ተንጋላይ ወንበሮች አሉ። በአንደኛው እትዬ ለምን፣ በሌላኛው ጋሽ ፍሬን። ጋሽ ፍሬን ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ጡረተኛ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከተናደደ መንገድ መሃል ቀጥ አድርጎ አቁሞ የሚሳደብ ስለነበር ነው። እሱ ደግሞ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር የወጣበት፤ ግማሽ ጣቱን ለሐኪሞቹ ትቶላቸዋል። "ፍሬን የምረግጥበትን ወሰዱብኝ፣ አሁን ማን ያቆመኛል?" ይላል። ነርሷ መርፌውን ስትተክልለት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን ፍርዱን ሰጠ። "የኔ ውሃ ነው።"

"በምን አወቁ?" አለች እትዬ ለምን፣ ጆሮዋ ቆሞ።

"አፌ ጨው ጨው አለኝ።"

"እኔንም ብሎኛል እኮ!"

"እንግዲያው ያንቺም ውሃ ነዋ።"

ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። ቱቦውን ለማጠብ ለሁሉም ሰው መጀመሪያ ጨው ውሃ እንደምትለቅ፣ ጣዕሙም የዚያ እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ ለምን አንድም ሳታስቀር ሰማች። ጋሽ ፍሬን ግን ራሱ ሲያወራ እንጂ ሰው ሲያወራ መስማት አይሆንለትም፤ የኔ ውሃ ነው እንዳለ ቀረ።

እትዬ ለምንን ያስቸገራት ግን ሌላ ነገር ነው። ፈሳሹ የሚመጣበት ከረጢት፣ ውስጡ ያለውን ማንም እንዳያየው በጥቁር ላስቲክ ልባስ ተሸፍኖ ይመጣል። ልባሱ ተቀዷል። የተቀደደውን በፕላስተር ለጣጥፈውታል፤ ፕላስተሩም ተልጧል።

"ይሄ ምንድነው የኔ ልጅ? ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይሰቀላል?"

"አዲስ ታዟል እትዬ፣ አልደረሰም።"

"ለምን አልደረሰም?" ብላ፣ መልሱንም ሳትጠብቅ፣ በነጻ እጇ ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ መለካት ጀመረች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሃያ ልባስ ሰፍታ መጣች። ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ድርብ ገበር፣ ከታች ለቱቦው የምትሆን ቀዳዳ። ዶክተሯ አንዱን ወደ መብራት አንስታ አየችው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ሌላውን አየች፣ ሌላውንም። ሃያውም መንትያ ናቸው። አመስግና ወደ መድኃኒት ቀማሚው ላከቻቸው፤ የዚያን ቀን አንድ ሰው እንኳ ክፉ ነገር አልጠረጠረም።

አሁን የሰዎቹን አመል ማወቅ አለባችሁ። እትዬ ለምን ሥራ ስትሠራ የየቀኑን ሥራ በክር ትለያለች። ጠርዙን ስትቀመቅም ከውስጥ በኩል ሦስት ጥቃቅን ጥልፎች ትጥላለች፣ ለአንዱ ቀን ሥራ ቀይ፣ ለሌላው ቀን አረንጓዴ፤ ኋላ ስፌት ቢላቀቅ የትኛው ቀን እንዳጠፋች እንድታውቅ ነው። እጇ ስለለመደው ልቧ አያውቀውም። አሥሩን ልባስ ቅዳሜ ሰፍታ በቀይ፣ አሥሩን ሰኞ ሰፍታ በአረንጓዴ ጥላለች፤ በየአሥሩም አስራ አመጣች። መድኃኒት ቀማሚው ደግሞ የጫማውን ክር ሁለቴ የሚያስር፣ በሩን ቆልፎ ተመልሶ የሚነካ ሰው ነው። እንዳይሳሳት ብሎ ግድግዳው ላይ ሁለት መስቀያ መትቷል፤ የመድኃኒት ልባስ በስተቀኝ፣ የውሃ ልባስ በስተግራ። አንዱን እስር በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ሰቀለ። ታጥበው ሲመለሱም ከወጡበት መስቀያ ሌላ ቦታ አይውሉም። ሁለቱም ዝርክርክ ቢሆኑ ኖሮ ምንም ነገር አይፈጠርም ነበር።

በሦስተኛው ማክሰኞ እትዬ ለምን ተንጋልላ ወደ ላይ ስታይ፣ የልባሷ ጠርዝ ታጥፎ አረንጓዴዎቹ ሦስት ጥልፎች ታዩዋት። የሰኞ ሥራዬ አለችና በእጇ ሥራ ተደሰተች። ወደ ጋሽ ፍሬን ዞር አለች፤ ቀይ። በአራተኛውም ቀን የእሷ አረንጓዴ፣ የእሱ ቀይ። በአምስተኛው ቀን ከወንበሩ ከፍ ብላ አጮልቃ አየች። አረንጓዴ። ቀይ።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተንጋለለች። ሃያ ልባስ ተደባልቆ ቢሆን አንዴ እንኳ ቀዩ አይደርሰኝም ነበር? አይ፣ እዚያ ታች የሚለየው ሰው አለ። እንግዲህ ከሁለታችን አንዳችን የታጠብን ነን፣ አንዳችን ደረቅ። ግን የቱ የቱ ነው?

ለዶክተሯ መንገር እንደነበረባት አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል ቀኑ ያልፋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚያው ሰሞን እግሯን ማሳከክ ጀመራት። ሁለቱንም ቅልጥሞቿን፣ ጭኗንም ጭምር። ዶክተሯ ቆዳ ያሳክካል ብላ አልነበር? እትዬ ለምን እያከከች ሳቀች። ልጇ ከሥራ ስትመለስ ቀሚሷን ገልባ ቀያዮቹን ሽፍታዎች አሳየቻት።

"እማዬ፣ ምኑ ነው የሚያስቅሽ?"

"ዘበኞቹ ናቸዋ! ነቅተዋል!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለምን ጭንና ቅልጥሜን ብቻ? ለምን ክንዴን አያሳክከኝም? ብላ ነገሩን ልቅም አድርጋ ትመረምረው ነበር። ይህችን ግን አልጠየቀችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን ማለት አስጠላት።

በስድስተኛው ማክሰኞ ጋሽ ፍሬን ዘግይቶ መጣ። ወሬ አልጀመረም። እትዬ ለምን ፊቱን ከማየቷ በፊት ሱሪውን አየች፤ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል፣ ጨርቁ ወገቡ ላይ ተሰብስቧል። የእሷ ዓይን አይሳሳትም፤ ወገቡ በሦስት ሳምንት አራት ጣት ጠቧል።

"ጋሼ፣ ለምን ከሱ?"

"ጡረታ ሆድ አይሞላማ" ብሎ ሊቀልድ ሞከረና ተወው። ነርሷ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሆዴ ተበላሽቷል። አሥር ቀኑ ነው። በቀን ስምንቴም ዘጠኜም እመላለሳለሁ። ትናንት ደም አየሁ።"

"ምን! ነርሷ ስትጠይቅዎት የለም አላሏትም? አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ!"

"ልጄን የምታክል ልጅ ናት። ስለ ሽንት ቤት ላውራት? የበላሁት ነገር ነው፤ ማስታገሻ ገዝቼ እየዋጥኩ ነው። የኔ ደግሞ ውሃ ነው። ውሃ ሆድ አያበላሽም።"

እትዬ ለምን ክው አለች። አንጀት ያቆስላል ያለችው የዶክተሯ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነው። ቀና ብላ ባዶውን መስቀያ አየች። ይሄ ሰው መድኃኒት ከሆነ እኔ ምንድነኝ? ጭኗን ልታክ እጇን ሰደደችና ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ግራጫ ብናኝ አገኘች። ሱፍ ነው። አርባ የተማሪ ጉርድ ቀሚስ፣ ሸካራ ሱፍ፣ አንድ ወር ሙሉ ጭኗ ላይ አንጥፋ ስትሰፋ የከረመችው። ጭንና ቅልጥም። ክንድ አይደለም፤ ክንዷ ላይ እጅጌ ታደርጋለች። ማንኛዋም ለማጅ ሰፊ የምታውቀውን እሷ አንድ ወር ሙሉ አላወቀችውም። ልታውቀው ስላልፈለገች ነው።

 አልቅሺ አልቅሺ አላት። ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም፤ ነርሷ ሁለቱን ከረጢቶች ይዛ እየገባች ነው።

"የኔ ልጅ፣ እንዳትሰቅይው! ዶክተሯን ጥሪልኝ። ጋሽ ፍሬንን ደም እያስቀመጣቸው ነው።"

ጋሽ ፍሬን እንዲህ ያለ ውርደት በአውቶቡሱም አልደረሰበትም። ዶክተሯ ስትመጣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። እሷ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ እሱ "አንዴ ነው፣ አለፈ" አለ። አልጋ ይዞ ይተኛና አንጀቱ በመሣሪያ ይታይ አለችው፤ እሱ ብድግ ብሎ ኮቱን አነሳ።

"አልተኛም! ለጨው ውሃ ብዬ ሆዴ ውስጥ ቱቦ አላስከትም! እምቢ የማለት መብት አለኝ ብላችሁ አስፈርማችሁኛል።"

"መብትዎ ነው" አለች ዶክተሯ። "ግን ውሃ ይሁን መድኃኒት እኔም አላውቅም። መድኃኒቱ ከሆነና ከተውነው አንጀትዎ ሊበሳ ይችላል።"

"ውሃ ነው አልኩሽ እኮ!" እጁ በሩ እጀታ ላይ ደርሷል።

"ውሃስ የኔ ነው" አለች እትዬ ለምን።

ሁሉም ዞሩ። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

"የእርስዎ ውሃ አይደለም፣ ጋሼ። የእርስዎ ቀይ ነው፣ የኔ አረንጓዴ። ሦስት ቀጠሮ ሙሉ አይቻለሁ።" ተነስታ ከነርሷ እጅ ሁለቱን ከረጢቶች ወሰደችና የልባሶቹን ጠርዝ ገልብጣ አሳየች። የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ቀይ ጥልፎች። ሦስት አረንጓዴ። "ምልክቱን የጣልኩት እኔ ነኝ። አመል ነው፤ አስቤ አይደለም። ታች ያለው ሰው ለይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። ጨው ጨው የሚለውን ተዉት፣ እሱ ለሁላችንም ነው። እኔን ምንም አልነካኝም። እርስዎ አንጀትዎ እየደማ ነው። እባክዎ ይቀመጡ።"

ጋሽ ፍሬን እጀታውን ለቀቀ። ጥልፎቹን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። "ታዲያ አስቀድመሽ አትናገሪም እንዴ፣ አንቺ ሴት?" አለ፤ ስድብ አልነበረም።

የዶክተሯ ፊት አመድ መሰለ። መጀመሪያ ሰውየውን አስተኛች፣ ደም አስቀዳች፣ የተቀሰቀሱትን ዘበኞች የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥሩ አስጀመረች፤ ታሽጎ የተቀመጠውን የእሱን ምስጢር እንዲከፈት ፈቃድ ጠይቃ አስከፈተች። ቀዩ መድኃኒቱ ነበር። ያን ዕለት ቤቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ማክሰኞ አይደርስም ነበር አሉ ያዩት ሐኪሞች።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቀማሚው ወደ ላይ ወጣ። አሥራ ስምንቱን ልባሶች በሁለት ክንዱ ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ ነበር የያዛቸው፣ አሁንም።

"እንዳልሳሳት ብዬ ነው" አለ።

"እኔም" አለች እትዬ ለምን።

ዶክተሯ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ "ስንት ጊዜ ሆነዎት ካወቁ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ካየሁ ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ። ካወቅሁ ከጠዋት ጀምሮ ነው።"

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻላት ነበር። ያንን ልባስ መቀበል የእሷም ጥፋት እንደሆነ፣ ከሙከራው ኃላፊዎች ሳትጠይቅ ማድረግ እንዳልነበረባት ተናገረች። ሁሉንም ጽፋ እንደምትልክና ፍርዱ የእነሱ እንደሆነ ነገረቻት። እትዬ ለምን ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ልጇን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ ነደደች። "ከሙከራው ውጪያ! አምስት ጊዜ ውሃ ሲያጠጡሽ ከረሙ! ትክክለኛውን የሚሰጥ ቦታ እንፈልጋለን!"

ፈልጋም ጠየቀች። መልሱ ዶክተሯ መጀመሪያ ቀን ያለችው ነው፤ እንዲህ ቀድሞ ለተያዘ በሽታ መድኃኒቱ አይታዘዝም፣ መጥቀሙ ገና ስላልታወቀ። ሊታወቅ የታሰበውም በዚሁ ሙከራ ነው። እትዬ ለምን ይህን ስትሰማ ስፌት ቤቷ ገብታ መሳቢያዋን ሳበች። ጀርባው ላይ ጠመኔው አለ፦ አራት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ውስጡ ደግሞ የስንት ዓመት ደረቅ ቁራጮች፤ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ሐር፣ ካኪ። አንዷንም ጥላ አታውቅም። የታጠቡት ቁራጮች የት እንደደረሱ እንኳ አታስታውስም፤ ደረቆቹ ግን ሁሉም አሉ። አንዷን አንስታ በጣቶቿ መሃል እያሻሸች አለቀሰች። ፈርታ ነው። ካንሰሩ ቢመለስስ? እያለቀሰች ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ ኧረ ቆይ፣ ዘበኞቼ ባይቀሰቀሱም፣ መጀመሪያውኑ ፍርፋሪው ከሌለስ? ጋሽ ፍሬን አንጀቱን ያቆሰለው እንዲያው በከንቱ ከሆነስ? ወይስ እሱ ተርፎ እኔ...? ማን ያውቃል? እንባዋን በቁራጯ ጠረገች። ማንም አያውቅም። ይህ ነገር አላስቀምጥ አላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኃላፊዎቹ ደብዳቤ መጣ፤ ዶክተሯ አነበበችላት። የእትዬ ለምን ፋይል ላይ የሆነው ሁሉ ተጽፎ ይያዛል። መቀጠልም መውጣትም ትችላለች። ብትወጣ ምርመራዋ አይቋረጥም፣ ማንም አይቀየማትም። "እኔ የእርስዎን ፋይል አልከፈትኩም" አለች ዶክተሯ። "ስለዚህ ምን እንደሆነ ልነግርዎት አልችልም።"

"አትንገሪኝ" አለች እትዬ ለምን። "ላስብበት።"

ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ አዲሶቹ ልባሶች ከፋብሪካ መጥተው ነበር። ግራጫ ናቸው፣ ስፌታቸው የተንሻፈፈ፣ ጠርዛቸው የተተረተረ። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ጋሽ ፍሬን ከወንበሩ ላይ የለም፤ መድኃኒቱ ለዘለዓለም ተቋርጦበታል። ግን ለምርመራ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ አራት ጣት ያጠበበችለትን ሱሪ ለብሶ። ፊቱ ትንሽ ደም ጠግቧል።

ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጣች። "ማሳከክ?"

"የሱፍ ነው። ጉርድ ቀሚሶቹን አስረክቤ ለቀቀኝ።"

"ተቅማጥ?"

"የለም። እውነቴን ነው፤ ቢኖር ለሰፈሩ ሁሉ እናገር ነበር" አለችና ወደ ጥጉ ገላመጠች።

ጋሽ ፍሬን ምርኩዙን መሬት መታ መታ አደረገ። "እትዬ፣ ልጠይቅሽ። ውሃ መሆኑን እያወቅሽ ይሄን ሁሉ ደረጃ ወጥተሽ፣ መርፌ ልትወጊ ትመጫለሽ። ለምን?"

በሕይወቷ ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። 

"እርስዎ ታጥበዋል፣ ጋሼ። ታሽተው፣ ተጨምቀው፣ ተተኩሰዋል። እኔ ደረቋ ነኝ። እኔ ከሄድኩ፣ ያ ሁሉ መታጠብ ይርባ አይርባ ከምን ጋር አስተያይተው ያውቁታል?"

ጋሽ ፍሬን ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ነርሷ ግራጫውን ልባስ ይዛ ስትጠጋ እትዬ ለምን እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋች።

"ነይ የኔ ልጅ" አለቻት፣ "ስቀይልኝ።"